የአረጋውያን አፍ የማን ሥራ ነው?

በመንከባከቢያ ቤት ይኖሩ የነበሩ አዛውንት ሲያርፉ፣ የሞታቸው ምክንያት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሳንባ ምች ነው። ዘመድ ‹‹ብርድ መታቸው›› ይላል፤ ሐኪሙ ዕድሜያቸውን ያነሳል፤ ነገሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። ከመታመማቸው በፊት በነበሩት ሳምንታት አፋቸውን ከፍቶ ያየላቸው ሰው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። መጠየቅ ነበረበት። አቅም ባነሰው ሰው አፍ ውስጥ የተከማቸ ቆሻሻ ሳንባ ድረስ ይወርዳል፤ ብሩሽና አምስት ደቂቃ ያለው ተንከባካቢ ደግሞ ይህን ሊቀንሰው ይችላል። ይህን ሥራ በስሙ የተቀበለ ሰው በሌለበት ቤት ግን አይሠራም።

አማርኛ አንባቢን ጉዳዩ በሁለት በኩል ይነካዋል። በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤቶች ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት እያገላበጡ፣ እያጠቡና እያበሉ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አገር ቤት ደግሞ አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በልጅ ቤት ነው፤ ጧሪ የሌላቸው እንደ መቄዶንያ ወዳሉ ማዕከላት ይገባሉ። ከዚህ በታች ያለው ለሁሉም ይሆናል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን። ሰው ሲተኛ ምራቁ ጥቂት በጥቂት ወደ አየር ቧንቧው ይንጠባጠባል። ይህ ጤነኛውም ላይ ይደርሳል፤ ግን ጤነኛው ይስላል፣ ሳንባውም የገባውን ጠራርጎ ያስወጣል። ስትሮክ የመታቸው፣ ፓርኪንሰን ወይም የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ግን መዋጫቸው ይዘገያል፣ ሳላቸው ይደክማል። ትን ሲላቸው የማይስሉም አሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እንኳ አያውቅም። የሚንጠባጠበው ምራቅ የጠራ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ልስልስ ነጭ ቆሻሻ፣ ሐኪሞች ፕላክ የሚሉት፣ አንድ ሚሊግራሙ ወደ 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ ይይዛል። ለብዙ ጊዜ በተቋም በኖሩና መድኃኒት በሚበዛባቸው አረጋውያን አፍ ውስጥ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ የሚፈሩት ተሕዋስያን፣ እነ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ክሌብሲየላና ሱዶሞናስ፣ ፕላኩ ላይ ሰፍረው ይገኛሉ። ስለዚህ ወደ ሳንባ የሚወርደው ጠብታ ምን እንደሚሸከም የሚወስነው የጥርሱና የምላሱ ንጽሕና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በዚህ ዓይነት የሳንባ ምች የሚያዙትን አረጋውያን ለይቶ ለማወቅ ሞክሮ ነበር። መዋጥ መቸገር ብቻውን ሰውን ለሳንባ ምች ለመዳረግ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ጎልተው የወጡት ምልክቶች፣ ሰውየው በሌላ ሰው እጅ የሚጎርስ መሆኑ፣ አፉን ሌላ ሰው የሚያጸዳለት መሆኑና የተቦረቦሩ ጥርሶቹ ብዛት ነበሩ፤ በቱቦ መመገብ፣ ሲጋራና የመድኃኒት ብዛትም ተከትለው ይመጣሉ። እኛ ጉርሻ የፍቅር ነው ብለን ያደግን ነን፤ ነውም። ግን ለደከመ መዋጫ ትልቅ ጉርሻ አደጋ ነው። ያነሰ መጠን ማጉረስ፣ የመጀመሪያው መዋጡን ሳያዩ ሁለተኛውን አለማስከተል፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንዲበሉ ማድረግና ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያስተኙ ማቆየት፣ ከአፍ ማጽዳት ጋር አንድ ላይ የሚሄድ ሥራ ነው።

የአፍ እንክብካቤ ሕይወት ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጠንካራው መልስ የመጣው ከጃፓን ነው። በ11 የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን አባላት ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ተንከባካቢው በብሩሽ አጸዳላቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የጥርስ ሐኪም ወይም የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ እየመጣ ተንከባካቢ የማይደርስበትን አነሳላቸው። ሁለተኛው ቡድን እንደ ወትሮው ቀጠለ። በ2002 የወጣው የሁለት ዓመት ውጤት እንዲህ ነበር፦ እንክብካቤው ከተደረገላቸው 184 ሰዎች 21ዱ የሳንባ ምች ያዛቸው፤ ካልተደረገላቸው 182 ሰዎች ደግሞ 34ቱ። በሳንባ ምች የሞቱት በመጀመሪያው ቡድን 14፣ በሁለተኛው 30 ነበሩ። ጥርስ የሌላቸውም ተጠቅመዋል። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ጥርስ የሌለው አፍ መጽዳት የማያስፈልገው ይመስላል። ድዱ፣ ላንቃውና ምላሱ ግን የባክቴሪያ ማደሪያ ናቸው።

እዚህ ላይ ብቻ ቆሞ ‹‹ተረጋግጧል›› ማለት ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። በአሜሪካ ኮኔቲከት በ36 ነርሲንግ ሆሞች የተደረገና በ2015 የታተመ ሙከራ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብሩሽና 0.12 በመቶ ክሎርሄክሲዲን የአፍ ማጠቢያ ሰጥቶ፣ ቀና አድርጎም አብልቶ፣ የሳንባ ምችን መቀነስ አልቻለም፤ የሚያመጣው ለውጥ እንደማይኖር ሲታይ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። በሰሜን ካሮላይና በ14 ነርሲንግ ሆሞች የተደረገውና በ2020 የወጣው ደግሞ በመሃል ላይ ያለ ነው፦ ሠራተኞቹ አፍ አያያዝን በደንብ ሠልጥነው በጀመሩበት በመጀመሪያው ዓመት የሳንባ ምች በ31 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠፋ።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው የሚታየኝ ይህ ነው። የጃፓኑ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ባለሙያ ነበረው፣ ብሩሹም ከየምግቡ በኋላ ነበር። የካሮላይናው የሠራው ሥልጠናው ትኩስ እያለ ነው። ብሩሽ ማስያዝ ቀላል ነው፤ ብሩሹ ድድ ጥግ ድረስ መድረሱንና በሁለተኛው ዓመትም መድረሱን ማረጋገጥ ነው ከባዱ። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ኮኔቲከት ላይ ሌላ ምክንያት የሚያቀርቡ ተመራማሪዎችም አሉ። ያም ሆኖ ‹‹የሳንባ ምች ካልቀነሰ ለምን እንደክማለን›› ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፦ የበሰበሰ ጥርስ ያማል፣ ያመመው ሰው አይበላም፣ ያልበላ አረጋዊ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል።

ጥርስና ዕድሜ በቀጥታ ስለመያያዛቸውም ብዙ ተጽፏል። በጃፓን ኪታኪዩሹ ከተማ በተቋማት የሚኖሩ ወደ 1,900 የሚሆኑ አረጋውያን ለ6 ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው፣ ጥርስ የሌላቸውና ሰው ሠራሽ ጥርስም ያልተደረገላቸው፣ 20 እና ከዚያ በላይ ጥርስ ካላቸው ይልቅ በብዛት ሞተዋል፤ በአካልም ይበልጥ ደክመዋል። እርግጥ ነው፣ 20 ጥርስ ይዞ 80 ዓመት የደረሰ ሰው ዱሮም የተሻለ የበላ፣ ያላጨሰ፣ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ብቻውን አላኖረውም። ቢሆንም ሰው ሠራሽ ጥርስ ማግኘት አለማግኘት ልዩነት ማሳየቱ ለተንከባካቢ ትልቅ ነገር ነው፤ የወደቀውን ጥርስ መመለስ ባይቻልም ማኘክን መመለስ ይቻላልና። ጃፓን በ1989 ‹‹በ80 ዓመት 20 ጥርስ›› የሚል አገራዊ ዘመቻ ስትጀምር እዚያ የሚደርሰው ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አልነበረም፤ በ2016 በተደረገው አገራዊ የጥርስ ጥናት ከግማሽ በላይ ደርሷል።

ወደ እጅ ሥራው እንግባ።

ከመጀመር በፊት የሚቀርበው፦ ጓንት፣ ባትሪ ወይም ጥሩ መብራት፣ ፎጣ፣ ጭንቅላቱ ትንሽና ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ፣ ሁለት ኩባያ ውኃ (አንዱ ብሩሽ ማርጠቢያ፣ አንዱ ማለቅለቂያ)፣ ጎዝ ወይም ንጹሕ ስስ ጨርቅ፣ የከንፈር ቅባት። ሰውየው መቀመጥ ከቻሉ ይቀመጡ፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረታቸው ያዘንብል። ራስን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ ለተንከባካቢው ዓይን ይመቻል፣ ለሕመምተኛው ግን ጉሮሮን ከፍቶ ውኃን ወደ ሳንባ የሚሰድ አቀማመጥ ነው። ብዙ ትንታ የሚመጣው ከዚህች ስህተት ነው። አልጋ ላይ ከሆኑ የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይነሳ፣ ፊታቸውም ወደ ጎን ይዙር። ስትሮክ አንዱን ወገን ያደከመባቸው ከሆነ ጤነኛው ወገን ወደ ታች ይሁን፤ ፈሳሹ የሚሰማና የሚውጥ ወገን ላይ ይጠራቀማል።

ከፊት ቀርቦ፣ ከዓይናቸው እኩል ዝቅ ብሎ፣ ‹‹እማማ፣ አፍዎን ላጽዳልዎት?›› ብሎ ፈቃድ መጠየቅ መጀመሪያ ይመጣል። የመርሳት በሽታ ያለባቸውም ቢሆኑ ይጠየቃሉ። ቃሉ ባይገባቸውም ድምፁ ይገባቸዋል።

የጥርስ ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። መትፋት ለማይችሉ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ያውም አረፋ የማይበዛው ዓይነት፤ አረፋ ጉሮሮ ይሞላል፣ የሚታየውንም ይሸፍናል። ሳሙናው ቢያንስ 1,350 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ) ፍሎራይድ ያለው ይሁን፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ድዳቸው ሸሽቶ የጥርሱ ሥር የተጋለጠና ሥሩ የሚቦረቦርባቸው ከሆነ ሐኪም 5,000 ፒፒኤም ያለውን ሊያዝ ይችላል። ብሩሹን ውኃ ነክሮ ማራገፍ ግድ ነው፤ የሚንጠባጠብ ብሩሽ አይገባም።

አሁን ብሩሹ ግማሹ ጥርስ ላይ ግማሹ ድድ ላይ እንዲያርፍ በ45 ዲግሪ ዘንበል ተደርጎ፣ ባለበት ቦታ አጭር አጭር ንቅናቄ ይደረጋል። ሁለት ሁለት ጥርስ እያሉ መሄድ። አውራ ጣትና አመልካች ጣት ከንፈሩን ገለጥ ያደርጋሉ፤ ከንፈር ሳይገለጥ የሚቦረሽ አፍ የፊቱ ብቻ ይጸዳል። ሁልጊዜ የሚቀረው ቦታ ታችኞቹ የፊት ጥርሶች በምላስ በኩል ያላቸው ገጽ ነው። ከምላስ ሥር የምራቅ ቱቦ የሚከፈተው እዚያው አጠገብ ስለሆነ፣ ምራቁ ይዞት የሚመጣው ማዕድን ፕላኩን በቶሎ ወደ ድንጋይነት ይለውጠዋል። ብሩሹን ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ በጫፉ ከታች ወደ ላይ እየሳቡ ጥርስ በጥርስ ማለፍ ያስፈልጋል። አንዴ ከጠነከረ ብሩሽ አያነሳውም፤ በሳምንት የሚመጣው ባለሙያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ቀጥሎ የመጨረሻው መንጋጋ ጀርባ፣ ቀጥሎም በጉንጭና በድድ መካከል ያለው ኪስ፦ የትናንት እራት እዚያ ተጠቅልሎ ያድራል፣ በተለይ በደከመው ወገን። በመጨረሻ ምላስ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ሳይጫኑ፣ ሦስት አራት ጊዜ። በጣም ወደ ኋላ ከገቡ ያቅለሸልሻቸዋል።

እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ብሩሽ ፕላኩን ከጥርስ አላቀቀው እንጂ ከአፍ አላወጣውም፤ አሁን በምራቅ ውስጥ እየዋኘ ነው። መትፋት የሚችሉ ይትፉ። የማይችሉትን በረጠበና በተጨመቀ ጎዝ ከኋላ ወደ ፊት፣ ጉንጭ፣ ድድ፣ ላንቃ እያሉ መጥረግ፣ መምጠጫ መሣሪያ ካለም መጠቀም ነው። ይህን ትቶ ውኃ አጠጥቶ ማስተኛት፣ የተፈለቀቀውን ሁሉ ወደ ጉሮሮ መስደድ ይሆናል። ጣት ግን በጥርሶች መካከል አይገባም፤ ሳያስቡት ይነክሳሉ።

ድዱ ሲደማ ተንከባካቢው ይደነግጥና ያንን ቦታ መተው ይጀምራል። የሚደማው ፕላክ ስላለበት ነው፤ ሲተውት ይብሳል። በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ከተቀጠለ ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ይቦረሽላቸዋል፣ በቀስታ፤ ደሙ አልቆም ካለ፣ ድዱ ካበጠ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይድን ቁስል ካለ ለሐኪም መንገር ነው። የሚነቃነቅ ጥርስም ይነገራል፤ ተነቅሎ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል።

በቀን ሁለት ጊዜ የሚለውን ማሟላት ካልተቻለ የማታው አይቀር። ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፣ መዋጥም ይቀንሳል፣ ባክቴሪያው ግን ይረባል።

በአፍንጫ ወይም በሆድ ቱቦ የሚመገቡት በጣም የሚዘነጉት ናቸው። ‹‹ምንም አልበሉ፣ ምን ይጸዳል?›› ይባላል። ማኘክ የቀረበት አፍ ምራቁ ይነጥፋል፣ ራሱን የማጠብ ኃይሉን ያጣል፤ ላንቃው ላይ ቡናማ ቅርፊት ይጋገራል፣ ጥርሱ ላይም ድንጋዩ በቶሎ ይሠራል። ያ ቅርፊት በግድ አይላጥም፣ ሥሩ ይደማል። መጀመሪያ በውኃ ወይም በአፍ ማርጠቢያ ጄል ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ሲለሰልስ በጎዝ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት፣ ያልተነሳውን ለሚቀጥለው ጊዜ መተው። ደረቅ አፍ ለማርጠብ ይሸጡ የነበሩት የሎሚና ግሊሰሪን ዱላዎች አይመከሩም፤ አሲዱ ጥርስ ይበላል፣ ግሊሰሪኑም መልሶ ያደርቃል። ጫፉ ስፖንጅ የሆነው ዱላ ለማርጠብ እንጂ ፕላክ ለማንሳት አይበቃም፤ ስፖንጁም ተነክሶ ሊቆረጥና ሊያንቅ ስለሚችል ውኃ ውስጥ ነክሮ መተው፣ ለሚነክስ ሰውም መስጠት አይገባም። የአፍ ድርቀቱ ከመድኃኒት የመጣ ሊሆንም ይችላል፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ለሽንት አለመቆጣጠር የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን፣ ፉሮሴማይድና የአለርጂ ክኒኖች አፍ ያደርቃሉ። ‹‹ይህ መድኃኒት አሁንም ያስፈልጋቸዋል ወይ?›› ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ የተንከባካቢ ድፍረት አይደለም፣ ሥራው ነው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ራሱን የቻለ ሌላ ዓለም ነው። በቶኪዮ ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 524 ሰዎችን ለ3 ዓመት የተከታተለና በ2015 የወጣ ጥናት፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ አደጋቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ማታ ይወልቃል። አንዳንድ አረጋውያን ያለ ጥርስ መታየትን ስለሚያፍሩ አናወልቅም ይላሉ፤ መጋረጃ ስቦ፣ መብራት ቀንሶ፣ ሌላ ሰው ከክፍሉ አስወጥቶ ማውለቅ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ሲወልቅ ታችኛው ይቀድማል። ላይኛው ላንቃ ላይ ተጣብቆ ከሆነ፣ ጎን ላይ ጠርዙን በጣት ወደ ታች ገፋ ሲያደርጉት አየር ገብቶ ይለቃል። ግማሽ ጥርስ የሆነውና የብረት መንጠቆ ያለው በሁለቱም ወገን እኩል ተይዞ ይወጣል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከተጎተተ መንጠቆው ይጣመማል ወይም የተንጠለጠለበትን ጥርስ ይጎዳል። የሚታጠበው ከሥሩ ውኃ የያዘ ሳፋ ወይም ፎጣ ተደርጎ ነው፤ ከእጅ አምልጦ ገንዳ ላይ የወደቀ ጥርስ ይሰበራል። ለጥርሱ የተለየ ብሩሽና ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ተራ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፈግፋጊ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥም ፈንገስ ይሸሸጋል። ከሁሉ በላይ የሚታጠበው ውስጠኛው፣ ድድ የሚነካው ገጽ ነው፤ የሚያብረቀርቀው የፊቱ ገጽ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውስጡን በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ነጭ ቅባት ይወጣል። የፈላ ውኃ አይነካውም፣ ይጣመማል። በረኪና ውስጥ ማሳደርም ክልክል ነው፤ ሐኪም ቢያዝ እንኳ ብረት የሌለው ጥርስ ብቻ፣ ከ10 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ በብዙ ውኃ ታጥቦ ነው። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያድራል። የማጽጃ ክኒን የሚጠቀም ቤት ክኒኑንም የሟሟበትንም ውኃ ከመርሳት ሕመምተኛ እጅ ያርቅ፣ ሊጠጡት ይችላሉ። ላንቃቸው ቀልቶ፣ የከንፈራቸው ጥግ ተሰንጥቆ ከተገኘ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አፉም ጥርሱም አብረው ካልታከሙ ይመላለሳል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚጠፋባቸው መንገዶች ደግሞ ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ምሳ ላይ አውልቀው በሶፍት ጠቅልለው ያስቀምጡታል፣ ትሪው ሲነሳ አብሮ ይጣላል። ትራስ ሥር ይገባና ከአንሶላው ጋር ወደ ልብስ ማጠቢያ ይሄዳል። ሆስፒታል ሲወሰዱ እዚያው ይቀራል። ጥርስ አልባው ሰው ሳምንታት ሲቆይ ድዱ ቅርጹን ይለውጣል፣ ጥርሱ ቢገኝም አልገባ ይላል። የጥርስ ላቦራቶሪ ሲሠራው ስማቸውን ፕላስቲኩ ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ይህን ማዘዝ ትንሽ ቃል ነው፣ ብዙ ያድናል።

የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰው አፋቸውን ሲገጥሙ ወይም ብሩሹን ሲነክሱ መታገል አይጠቅምም። የተነከሰ ብሩሽ አይጎተትም፤ መንጋጋቸው ላይ በቀስታ እያሻሹ መጠበቅ፣ በሌላ ብሩሽ ሌላውን ወገን መቀጠል ይቻላል። ብሩሹን በእጃቸው አስይዞ በእጅ ላይ እጅ አድርጎ አብሮ መንዳት፣ ወይም እንቅስቃሴውን ጀምሮላቸው ራሳቸው እንዲጨርሱ መተው ብዙዎች ላይ ይሠራል። እጅ ለዘመናት የለመደውን ከአንደበት ይልቅ ያስታውሳልና፣ ብሩሽ ገፍተው መፋቂያ ሲሰጣቸው የሚይዙ እናቶች አሉ፤ መፋቂያውን አፋቸው ውስጥ እያሉ በሌላኛው ወገን በብሩሽ መግባት ይቻላል፣ እስኪለሰልስ የተኘከና ስንጥር የማይወጣው እስከሆነ ድረስ። ሁሉ ካልሆነ ትቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መመለስ፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲሞክር ማድረግ። ጠዋት እንቢ ያሉ ከሰዓት ይፈቅዳሉ። ዱሮ እሺ ይሉ የነበሩ ሰው ድንገት እንቢ ካሉ ግን ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ሕመም ሊሆን ይችላል፦ በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ፣ ጉንጭን መያዝ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ መሸሽ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ማውለቅና አለመመለስ፣ ሲበሉ መቆጣት፣ ሁሉም ‹‹አመመኝ›› ማለት የማይችል ሰው ንግግር ነው።

ከአገራችን ሰዎች ጋር የተያያዙ ጥቂት ነገሮችም አሉ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ እንደ ወንጂ ባሉ ቦታዎች ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው ከጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ነው፤ ቀለሙ ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን) ውስጥ ስላለ በመፈተግ አይለቅም። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ተንከባካቢ ቆሻሻ መስሎት ይፈትገዋል፣ ድዱን ያቆስላል። አጥሚት ለደካማ ሰው ኃይል ይሰጣል፣ ግን ወፍራም ነው፣ ስኳርም ይገባበታል፤ ላንቃና ጉንጭ ላይ ተጣብቆ ያድራል። ማታ ካጠጡ በኋላ አፍ ማጽዳት ይከተላል እንጂ አጽድቶ አጥሚት አጠጥቶ ማስተኛት አይሆንም። የሚቆርቡ እናቶችና አባቶች የቁርባኑን ጠዋት አፋቸው ውኃ እንዳይነካ ይፈልጋሉ፤ ያን ቀን የሌሊቱን ጽዳት ጠንቅቆ አድርሶ፣ ቀጣዩን ከቅዳሴ መልስና ከምግብ በኋላ ማድረግ ነው። ክብራቸውም ይጠበቃል፣ አፋቸውም ይጸዳል።

ይህ ሁሉ በማን ይሠራል? እንግሊዝ ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ከተጎበኙት መንከባከቢያ ቤቶች 52 በመቶው የአፍ ጤናን የሚመለከት መመሪያ አልነበራቸውም፤ 47 በመቶው ሠራተኞቻቸውን ስለአፍ እንክብካቤ አያሠለጥኑም ነበር። ያውም አገሪቱ ለዚህ ጉዳይ በ2016 ዝርዝር መመሪያ ካወጣች በኋላ። ጃፓን ውስጥ የጥርስ ሐኪም ከክሊኒኩ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ ሄዶ አልጋው አጠገብ ቢያክም መድን ይከፍልለታል፤ ስለዚህ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ መደበኛው ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና መድን፣ ተራ የጥርስ ሕክምናን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ብዙው ሸክም በተንከባካቢው ትከሻ ላይ ይወድቃል። በአንድ ፈረቃ ብዙ ሰው የሚያነሳ፣ የሚያጥብና የሚያበላ ሠራተኛ ጊዜ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚዘለው አፍ ነው። ያልተጠበ ገላ ይሸታል፣ ያልተቀየረ አልጋ ይታያል፣ ያልተቦረሸ ጥርስ ግን ከንፈር ይሸፍነዋል። ተንከባካቢዋን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። የሚሻለው በእያንዳንዱ ፈረቃ ለአፍ የተመደበ ሰው በስም ማስቀመጥና በወር አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ባትሪ ይዞ ስምንት ነገር እንዲያይ ማድረግ ነው፦ ከንፈር፣ ምላስ፣ ድድ፣ ምራቅ፣ ጥርስ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ንጽሕና፣ ሕመም። በአውስትራሊያ የተዘጋጀ አንድ ቅጽ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ለመሙላት የጥርስ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ወላጅ የሚያስገቡ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ስንት ጥርስ እንዳላቸው፣ የትኛው እንደሚነቃነቅ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይኛውም ታችኛውም እንዳለ ፋይሉ ላይ ያስጽፉ፣ የጥርሱንም ፎቶ ያንሱ። ሲጠይቁ ሲመጡ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው አፋቸውን ይዩ። አሜሪካ ላሉ ደግሞ ሊታወቅ የሚገባ የፌዴራል ደንብ አለ፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጠፋ ወይም ከተሰበረ፣ ነርሲንግ ሆሙ በ3 ቀን ውስጥ ወደ ጥርስ ሐኪም ሊልካቸው ይገባል። በ3 ቀን ውስጥ ካላደረገ፣ እስከዚያው በቂ ምግብና መጠጥ እንዲያገኙ ምን እንዳደረገላቸው በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ያንን ጽሑፍ አሳዩኝ ማለት ይቻላል።